የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሒሳብን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ መጨረስ

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሒሳብን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለመጀመር ከላኩልን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠን መልሰናል። የኮርስ ቁጥርና ደንብ ከዓመት ዓመት ስለሚቀየር፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮሌጃችሁን የዘንድሮ ካታሎግ ከፍታችሁ አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አዲስ አበባ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ነው የጨረስኩት፤ ዴሪቬቲቭ ድረስ ተምሬያለሁ። እዚህ የምደባ ፈተና ስወስድ ግን ከፕሪካልኩለስ በታች፣ ኢንተርሚዲየት አልጀብራ ላይ ተመደብኩ። ዝም ብዬ ልቀበል?
ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እንዳትቀበዪ። ተዘጋጅተሽ ፈተናውን ድገሚው። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመር አንድ ሴሚስተር ይበላል፤ ሁለት ደረጃ ከሆነ ዓመት ነው።

ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት አሌክስ የሚባለው የኮምፒውተር ፈተና ቢበዛ 30 ጥያቄ አለው፤ ውጤቱም ከ100 ነው። የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚመርጠው አንቺ በሰጠሽው መልስ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ በክፍልፋይ ወይም በኤክስፖነንት ብትሳሳቺ ወደ ቀላሉ እየወሰደሽ የምታውቂውን ከበድ ያለ ጥያቄ ጭራሽ ሳይጠይቅሽ ሊያልቅ ይችላል። መልሱ በአብዛኛው ተጽፎ የሚገባ እንጂ ከምርጫ የሚከበብ አይደለም። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ የመለማመጃ ክፍል ይከፈትልሻል። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሥሪና ተመለሺ። ኮሌጅሽ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቅድና በሁለቱ መካከል ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የፈተና ማዕከሉን ጠይቂ።

ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ጥያቄዎቹ በፉት (ጫማ)፣ በማይልና በጋሎን ይመጣሉ። የአንድን ፈንክሽን ግራፍ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ገልብጦ ማንቀሳቀስ እዚህ በጣም ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ግን ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለፈው ጊዜ ነው፤ ትልቁ ሐሳብ በአእምሮ ይቀራል፣ የእጅ ሥራው ይጠፋል።

ራስሽን ያለ ካልኩሌተር ፈትኚ፦ የተለያየ ታችኛ ቁጥር ያላቸውን ክፍልፋዮች ደምሪ፤ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር በሚባለው መንገድ ፍቺ፤ ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 3 ሎግ 5 ሳይሆን ሎግ 6 የሚሆንበትን ምክንያት አስረጂ፤ 150 ዲግሪን በራድያን ጽፈሽ ሳይኑን አውጪ። አራቱም ያለ ችግር ከመጡ ለካልኩለስ 1 ልትቀርቢ ትችያለሽ። ሁለቱ ካቃቱሽ ፕሪካልኩለስ ጀምሪ፤ ያኔ የምታጠፊው ሴሚስተር ኪሳራ አይደለም። በተጨማሪም አንዳንድ ኮሌጆች የሃይስኩል ትራንስክሪፕትን በፈተና ፋንታ ስለሚቀበሉ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን ይዘሽ ወደ ሒሳብ ዲፓርትመንቱ ሂጂ። ፈተና ማዕከሉ የሚያየው ነጥቡን ብቻ ነው፤ የመቀየር ሥልጣን ያለው ዲፓርትመንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሒሳብ ማጥናት ይፈልጋል። ወጪውን አይተን መጀመሪያ ሁለት ዓመት ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ይማርና ከዚያ ይሻገር ብለናል። በሌላ ስቴት ያለ የዘመድ ልጅ ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ፣ ሳይወድቅ፣ ለመሻገር ብቻ አራት ዓመት ፈጀበት። ምኑ ላይ ነው የሚበላሸው?
እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ የሚበላሸው ሒሳቡ ሰንሰለት መሆኑን ማንም ስለማይነግራቸው ነው። እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ በፈለጉት ሴሚስተር ይወሰዳሉ። ሒሳብ ግን አንዱ ካላለቀ ሌላው አይከፈትም። ስለዚህ ልጅዎ የሚሻገርበትን ቀን የሚወስነው የክሬዲቱ ብዛት ሳይሆን ሰንሰለቱን የጀመረበት ሴሚስተር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በቀላል ኮርሶች ሞልተው 30 ክሬዲት የሰበሰቡ፣ ሒሳቡን ግን ገና ያልነኩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ግማሽ መንገድ የሄዱ ይመስላቸዋል፤ በሒሳብ በኩል ግን ገና በር ላይ ናቸው።

በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ቁጥሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዚያው እንሂድ። ኤምቲኤች (የሒሳብ ኮርስ መለያ) 167 ፕሪካልኩለስ ከትሪጎኖሜትሪ ጋር፣ 5 ክሬዲት ነው። 263፣ 264 እና 265 ካልኩለስ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4 ክሬዲት። 266 ሊኒየር አልጀብራ፣ 267 ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፤ ሦስት ሦስት ክሬዲት። ልጅዎ ከ167 ከጀመረ አካሄዱ እንዲህ ይሆናል፦ በመጀመሪያው ፎል 167፣ በስፕሪንግ 263፣ በሁለተኛው ፎል 264፣ በሁለተኛው ስፕሪንግ 265 እና 267። ሊኒየር አልጀብራን የት እናስገባው? ካልኩለስ 1ን በቢ ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ ከ264 ጋር አብሮ መውሰድ ይችላል። በሲ ብቻ ካለፈ ግን 264ን መጨረስ አለበት፤ ያኔ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ሦስት የሒሳብ ኮርስ ይከመራል። በካልኩለስ 1 የሚገኘው ውጤት ከጂፒኤው አልፎ መርሐ ግብሩንም የሚነካው ለዚህ ነው።

አሁን ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸውን ቦታዎች እንይ። አንደኛው ኤምቲኤች 261 ነው። አፕላይድ ካልኩለስ ይባላል፣ ለቢዝነስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው፤ ስሙ ካልኩለስ ስለሆነ ብቻ የተመዘገበ ተማሪ ወደ 264 አያልፍም። 263ን እንደ አዲስ ይወስዳል። ስታቲስቲክስም እንዲሁ ጠቃሚ ኮርስ ነው፣ ሰንሰለቱ ውስጥ ግን የለም።

ሁለተኛው የኮርስ አቅርቦት ነው። ካልኩለስ 1 በየሴሚስተሩ፣ በየካምፓሱ፣ ጠዋትም ማታም ይሰጣል። ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ግን አንዳንድ ካምፓስ ላይ በዓመት አንዴ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የተመዘገበው ሰው ካነሰም ይሰረዛል። ልጅዎ ምዝገባ በተከፈተበት ቀን እነዚህን አስቀድሞ ይያዝ፤ ሌላውን በዙሪያቸው ይደርድር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የትምህርት መርሐ ግብር ከኮሌጁ ድረ ገጽ አውጥቶ ማየት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የዲግሪው ዓይነት ነው። ለመሻገር የሚሆነው አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ወይም አሶሼት ኦፍ አርትስ ነው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የተሰናዳው በቀጥታ ሥራ ለሚገቡ ስለሆነ ብዙ ኮርሶቹ አይሻገሩም።

አራተኛውና በእኛ ዓይን ከሁሉ የከፋው፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ወደ ላይ ማቀድ ነው። እቅዱ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ታች ይውረድ። ልጅዎ የሚፈልገውን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዲግሪ ዝርዝር ያትምና ከእያንዳንዱ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮርስ አጠገብ የኖቫን አቻ ይጻፍ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተወሰነ ጂፒኤ ላመጣ ተማሪ መግቢያ የሚያረጋግጡ ስምምነቶች አሉ። ጆርጅ ሜሰን ለሚያስበው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው አድቫንስ የተባለው ፕሮግራም አለ፤ ተማሪው ገና ኖቫ እያለ የሚሻገርበትን ዲግሪ መርጦ በወጣለት መንገድ ይሄዳል። በሜሪላንድ በኩል አርትሲስ የሚባለው የኮርስ ማመሳከሪያ ድረ ገጽ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል፦ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ማት 181፣ 182 እና 280 በኮሌጅ ፓርክ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ማት 140፣ 141 እና 241 ሆነው ይቆጠራሉ። በካሊፎርኒያ አሲስት የሚባለው አለ።

አድቫይዘር የነገረውንም በኢሜይል ጽፎ እንዲልክለት ይጠይቅ፤ በቃል የተነገረ ነገር አድቫይዘሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የሒሳብ ኮርሶቹን ሲላበስ በሙሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጥ፦ የመጽሐፉ ስም፣ የሳምንት በሳምንት ርዕሶች፣ የክሬዲቱ መጠን የሚታዩበትን። ዩኒቨርሲቲው አንድን ኮርስ «ተጨማሪ ክሬዲት» ብሎ ብቻ ከቆጠረው፣ ዲፓርትመንቱን አሳምኖ በትክክለኛው ቁጥር የሚያስመዘግበው ያ ወረቀት ነው። ውጤቱም በሁሉም ሲ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሲ ማይነስ ብዙ ቦታ አይሻገርም።

ስለ ክብሩ ለሚያስቡ ዘመዶች፦ የሚሰጠው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዲፕሎማው ላይ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስም አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። ካልኩለስ 1ን በቢ አለፍኩ፣ ካልኩለስ 2 ላይ ግን ባለፈው ሴሚስተር ደብልዩ (ከኮርስ መውጣትን የሚያሳይ ምልክት) ወስጄ ወጣሁ። አሁንም ሁለተኛው ፈተና ላይ 48 አገኘሁ። እንደገና ልውጣ ወይስ ልቀጥል? በሰመር ብወስደውስ?
ከአርሊንግተን

መልስ፦ መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ፣ ምክንያቱም ቀን የሚቆጠርበት እሱ ነው። ከሁሉም ኮርሶችህ ከወጣህና ይህም ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ከሆነ (በ15 ሳምንት ሴሚስተር ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ነው)፣ ኮሌጁ የፌዴራል እርዳታህን ከፊል ይመልሳል፤ ዕዳው አንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከአንድ ኮርስ ብቻ መውጣት እንዲህ አያደርግም፤ ግን ደብልዩ እንደተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል። ብዙ ኮሌጆች እርዳታ እንዲቀጥል ከሞከርከው ክሬዲት 67 በመቶውን እንድታልፍ ይጠይቃሉ። 12 ክሬዲት ይዘህ ከአንድ ባለ 4 ክሬዲት ከወጣህ 8 ከ12 ቀረህ፤ 66.7 በመቶ ነው። በአንድ ኮርስ ብቻ መስመሩ ላይ ቆምክ ማለት ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ደብልዩ ስላለህ፣ ከመወሰንህ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አሁን ያለህን መቶኛ እንዲነግርህ ጠይቅ። አንዳንድ ኮሌጅ አንድን ኮርስ ለሦስተኛ ጊዜ ለመውሰድ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ያንንም አብረህ አጣራ።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ካልኩለስ 2 ሰውን የሚጥለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የኢንቴግሬሽን ዘዴዎች ናቸው። እዚያ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው፦ የሁለት ቁጥሮችን ድምር ስኩዌር ሩት ለየብቻ ከፍሎ ያወጣል። √(9+16) 5 ነው፤ 3+4 ብሎ 7 የሚያወጣ እጅ ትሪጎኖሜትሪክ ሰብስቲቲዩሽን ላይ ሁሌም ይሳሳታል። ሌላው ሲሪስ (ማለቂያ የሌለው የቁጥሮች ድምር) ነው። ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ ስለሄዱ ብቻ ድምሩ ይቆማል ብሎ ማሰብ ዋናው ስሕተት ነው። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚሄደው ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ ይቀርባሉ፣ ድምሩ ግን ያለ ወሰን ያድጋል። 1 + 1/4 + 1/9 + 1/16 እያለ የሚሄደው ግን ይቆማል። የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ከተረዳህ የቀሩት ቴስቶች (ድምሩ መቆም አለመቆሙን የሚለዩ ዘዴዎች) በሙሉ ቦታ ይይዛሉ።

የፈተና ወረቀትህን አውጣና ያጣኸውን እያንዳንዱን ነጥብ «አዲሱን ሐሳብ አላወቅኩም» ወይም «የድሮው አልጀብራ ነው» ብለህ መድብ። አብዛኛው ከሁለተኛው ከሆነ ቀጥል፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የቆየ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ እየሠራህ ይስተካከላል። አብዛኛው ከመጀመሪያው ከሆነና ፋይናሉ የሚይዘው መቶኛ ተሰልቶ 70 የማያደርስህ ከሆነ ግን የመውጫው ቀን ሳያልፍ ውጣ፤ ኤፍ ከደብልዩ በጣም ይከብዳል።

የኦንላይን የቤት ሥራው ውጤት አያታልልህ። «ምሳሌ አሳየኝ» የሚለውን ቁልፍ እየተጫኑ 95 ማግኘት ይቻላል፤ ፈተናው ላይ ቁልፉ የለም። እያንዳንዱን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጨርሰህ ከዚያ አስገባ። መጽሐፍ ከፈለግህ ኦፕንስታክስ የሚያወጣው ባለ ሦስት ቅጽ የካልኩለስ መጽሐፍ በነፃ ይገኛል፤ ካልኩለስ 2 በአብዛኛው ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው።

በሰመር? ሥራ ካልቀነስክ አይሆንም። 4 ክሬዲት በ15 ሳምንት ወደ 60 የክፍል ሰዓት ነው። ያው 60 ሰዓት በ6 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት 10 ሰዓት ክፍል፣ ቢያንስ 20 ሰዓት ጥናት ይሆናል። ከሌሊት ሥራ ጋር 30 ሰዓት የለም። በሰመር እንግሊዝኛውን ወይም ታሪኩን ውሰድና ፎል ላይ ለካልኩለስ 2 ቦታ ልቀቅ፤ ያን ሴሚስተር ሌላ ከባድ ሳይንስ አትያዝ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ወደ ስታቲስቲክስ መዞር እፈልጋለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከዜሮ ጀምሬ እንደገና ባችለር ልሥራ?
ከአትላንታ

መልስ፦ ሁለተኛ ባችለር አያስፈልግዎትም ብለን እናምናለን። የስታቲስቲክስ ማስተርስ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚጠይቁት ማንኛውም ባችለርና የተወሰኑ የሒሳብ ኮርሶች ናቸው፦ ካልኩለስ እስከ መልቲቫሪየብል (ካልኩለስ 3)፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ አንዳንዴም ፕሮባቢሊቲ። አሶሼት ዲግሪውን ሳይፈልጉ እነዚህን ብቻ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይውሰዱ። የሚያስቡትን ሦስት ፕሮግራም ቅድመ ሁኔታ ዝርዝር አስቀድመው ያውጡ።

ብዙ ወገኖቻችን የሚደነግጡበት ነገር ይኸውና፦ ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከውጭ አገርም ቢሆን፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር የሆነው ገንዘብ ለእርስዎ የለም፤ ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ) ላይም ዲግሪ እንዳለዎት በእውነት መሙላት ግዴታ ነው። ለማስተርስ መግቢያ የሚሆኑ ኮርሶችን ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ለሚወስድ ሰው ግን እስከ 12 ተከታታይ ወር የሚደርስ የፌዴራል ብድር አለ። 12 ወር ደግሞ ለሦስት ካልኩለስ ጠባብ ስለሆነ፣ ፕሪካልኩለስና ካልኩለስ 1ን በራስዎ ወጪ ቀስ ብለው ጨርሰው የብድሩን ዓመት ለቀሪው ያስቀምጡ።

ትራንስክሪፕትዎን ናሴስ ከሚባለው ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት ያስገምግሙ፤ «ኮርስ ባይ ኮርስ» የሚለውን ይምረጡ። ርካሹ «ዶክዩመንት» የሚለው ዲግሪ እንዳለዎት ብቻ ይናገራል። ሰነዱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ስለሚጠየቅ ባሕር ዳር የሚጨርስልዎት ሰው ቀደም ብለው ያዘጋጁ። በአካውንቲንግ የወሰዱት የሒሳብ ኮርስ በካልኩለስ 1 ፋንታ ይቆጠርልኛል ብለው ግን አያቅዱ።

ጥያቄ፦ ሲያትል ካልኩለስ 1 እና 2ን ጨርሻለሁ። ቤተሰቤ ወደ ሜሪላንድ ሊዛወር ነው። እዚያ ካልኩለስ 3 እገባለሁ?
ከሲያትል

መልስ፦ ከመሄድህ በፊት ቀጣዩን፣ ካልኩለስ 3ን፣ እዚያው ሲያትል ጨርስ። በዋሽንግተን ስቴት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት በኳርተር (ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ክፍለ ጊዜ) ነው፣ ሜሪላንድ በሴሚስተር። 5 የኳርተር ክሬዲት 3.3 የሴሚስተር ክሬዲት ብቻ ነው፤ የኳርተር ካልኩለስ 2 ደግሞ የሴሚስተሩን ካልኩለስ 2 ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ በተለይ ሲሪስ ወደ ኋላ ይቀራል። በመሐል ብትዛወር ካልኩለስ 2ን እንደገና ሊያስወስዱህ ይችላሉ። መቆየት ካልቻልክ የሁለቱንም ኮርስ ሲላበስ ይዘህ ሂድና የትኞቹ ርዕሶች እንደጎደሉህ ከዲፓርትመንቱ ጋር አመሳክር። የነዋሪነት ክፍያውንም ጠይቅ፤ አዲስ ስቴት የገባ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የውጭ ስቴት ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ጥያቄ፦ አሶሼት ዲግሪዬን በ3.8 ጨርሼ በመጪው ፎል ኮሌጅ ፓርክ በሒሳብ እገባለሁ። ጀኔራል ኢዱኬሽኑንም (ከማንኛውም ተማሪ የሚጠየቁትን የጋራ ኮርሶች) ሁሉንም ጨርሻለሁ። የተሻገሩ ልጆች የመጀመሪያው ሴሚስተር ከባድ ነው ይላሉ። ምን ላዘጋጅ?
ከጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ጀኔራል ኢዱኬሽኑን ጠርጎ መጨረስ ግን ለሒሳብ ተማሪ አንድ ችግር አለው፦ ከእንግዲህ የምትይዣቸው ኮርሶች በሙሉ ከባድ ናቸው። ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላላችሁ የምንመክረው ሁለት ሦስት ቀላል ኮርስ ለዩኒቨርሲቲው እንድታስቀሩ ነው። አንቺ ከሒሳብ ውጭ የምትወጂውን አንድ ምርጫ ኮርስ ወይም የፕሮግራሚንግ ኮርስ ጨምረሽ ሸክሙን አመጣጥኚ።

ሌላው ለውጥ የሥራው ጠባይ ነው። እስካሁን ጥያቄው «አስላ» ነበር፤ ከአሁን በኋላ «አረጋግጥ» ይሆናል። ኮሌጅ ፓርክ ማት 310 የፕሩፍ መግቢያ ነው፤ ማት 410 አድቫንስድ ካልኩለስ፣ ማት 403 አብስትራክት አልጀብራ ናቸው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 310ን ውሰጂ፤ 410 እና 403ን ከዚያ በፊት ወይም ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አትያዢ። 3.8ቱ ላይም አትተማመኚ፤ ክሬዲቱ ይሻገራል እንጂ ዩኒቨርሲቲው ጂፒኤውን በአብዛኛው ከዜሮ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ብቻውን ይታያል።

በዚህ ሰመር ካልኩለስ አትከልሺ። ፕሩፍ መጻፍ ተለማመጂ፦ የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ለ2 እኩል የሚካፈል መሆኑን፤ የ2 ስኩዌር ሩት በክፍልፋይ የማይጻፍ መሆኑን፤ ከ1 እስከ ማንኛውም ቁጥር ያሉት ድምር ቀመር በኢንዳክሽን። እያንዳንዱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለምን እንደሄድሽ በቃል ይብራራ። በሳምንት አራት ከሠራሽ ኦገስት ሲደርስ ከሠላሳ በላይ ይኖርሻል። ዲግሪሽ የሚጠይቃቸውን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶች ደግሞ ከነቅድመ ሁኔታቸው በቅደም ተከተል አስቀምጠሽ ለኦሬንቴሽን ቀን ይዘሽ ሂጂ፤ የተሻጋሪዎች ኦሬንቴሽን ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ከተመዘገቡ በኋላ ስለሚመጣ፣ 310 ሞልቶ ካገኘሽው በዚያው ዕለት ዌይትሊስት ግቢና ለሒሳብ ዲፓርትመንቱ የቅድመ ምረቃ ቢሮ ጻፊ።